ሁለት ዓይን የሰጠሁት ንጉሥ

«ስንት ዓይን ነው ያለው?»

«ነገርኩዎት እኮ፣ አባዬ።»

«አሁንም ንገሪኝ።»

«ሁለት።»

አባቴ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሸራ ፊት ቆመው በንጉሡ ፊት ላይ ጣታቸውን ያስኬዳሉ። ቀለሙ ከደረቀ ሦስት ቀን አልፎታል። ጣታቸው ቅንድቡን አገኘ፣ ወረደ፣ የመጀመሪያውን ዓይን አልፎ አፍንጫው ላይ ወጣ። ከአፍንጫው ማዶ፣ ፊቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሁለተኛውን ዓይን ነካና ቆመ። ነጩን ወፈር አድርጌ ስለቀባሁት በጣት ይታወቃል። እንደ ምስር ፍሬ ጉብ ብሏል።

«አላዊ ንጉሥ ነው እኮ» አሉ። «ሰማዕቱን የሚያስገድለው እሱ ነው። ይኼን ገና አፍ ሳትፈቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ሀሁ ከመቁጠሬ በፊት የቆጠርኩት ዓይን ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ግን በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሰይጣንም፣ ይሁዳም፣ ሰማዕታቱን የሚገርፉት ወታደሮችም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ማንበብ የማይችል ምእመን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ማንን መሳለም እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ነው። ያደረግሁት ባለማወቅ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ታዲያ ከምን የተነሣ ነው ሲሉኝ ፊቱ እንደዚያ ሆኖ መጣልኝ አልኩ።

«ፊት አይመጣም፤ ፊት ይሳላል» አሉ።

ሥዕሉን ያዘዙት የደብሩ ቄሰ ገበዝ ከምሳ በኋላ ይመለሳሉ። ከመመለሳቸው በፊት ያ ዓይን መጥፋት አለበት። አጥፊው አሉኝ። አላጠፋም አልኩ። እንግዲያስ እኔ አጠፋዋለሁ አሉ፤ ማጥፋት እንደማይችሉ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

አባቴ አያዩም። ይህን የምናውቀው እሳቸው፣ እኔና አንድ ሐኪም ብቻ ነበርን። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም ብሎናል ሐኪሙ። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ። ቤታችን ሰው ሲገባ ማን እንደሆነ በእርምጃው ያውቃሉ። ከቤታችን እስከ ሰፈራችን ደብር በር ያለውን መንገድ በእግራቸው ሸምድደውታል። እኔ ክንዳቸውን ስይዝ ደግሞ የሚያየን ሁሉ ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ አባቷን ታከብራለች ይላል። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ሠዓሊው አያይም ከተባለ የሚጠራቸው ደብር አይኖርም። «ከዚያ ወዲያ ምን እሆናለሁ?» ብለው ነበር ያን ቀን፣ ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ፣ የከተማችን መሀል አራዳ ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ።

ስለዚህ ላለፉት ሁለት ዓመታት የምስለው እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው በስንዝርና በጣት ይለኩልኛል። ከላይ አራት ጣት ልቀቂ፣ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ሁለት ስንዝር ይሁን፣ ፈረሱ ቀይ ነው፣ ኮርቻው ቢጫ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ሥዕል አልጠፋም፤ የጠፋው የሚታየው ነው። እንደዚህ ስንሠራ ከሁለታችን ሠዓሊው ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል። ሴት ልጅ ለቤተ ክርስቲያን መሳሏን የሰማ ሰው ምን እንደሚል ግን ግራ አይገባኝም።

ዓይኑ ከየት እንደመጣ ለመናገር ስለ ቀን መቁጠሪያው መናገር አለብኝ።

ጎብኚዎች እንደልብ በሚመጡበት ጊዜ ነው። እኔ አራዳ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አንዲት ጠና ያለች ጃፓናዊት የፓስፖርቷን ኮፒ ልታስነሣ መጣች። ከነገሥታቱ ግንብ ማዶ ያለውን፣ ጣሪያው የመላእክት ፊት የሞላውን ቤተ ክርስቲያን አይታ ነበር፤ ወደ ላይ ስታይ ስለቆየች አንገቷን ትይዛለች። በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬና በእሷ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባባን። እንደዚያ የሚስል ሰው ዛሬም አለ ወይ አለችኝ። አባቴ ይስላሉ ብዬ ቤት ወሰድኳት።

ቤታችን ጣሊያን የሠራው ነው፤ በሩ ከባድ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ። እሷ በሩን አልፋ አንድ እርምጃ ሳትሄድ ጫማዋን አወለቀች። አባቴ ያን ጊዜ ገና በግማሽ ያዩ ነበር፤ በጣም ደስ አላቸው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጠረችው እያሉ ለሳምንት አወሩት። መሬት ላይ ተቀምጣ እስከ ቀትር ድረስ የመላእክት ዓይን ሲስሉ አየች። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጥታ አንድ ጥቅል ወረቀት ሰጠችኝ፤ የአገሯ የቀን መቁጠሪያ ነበር።

አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ፊት። ጳጉሜን የላቸውም። ከፊቶቹ ኋላ ቤትም ዛፍም ሰማይም የለም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ግራጫ ብቻ። ፊቶቹ ነጭ ናቸው፤ ጥላ የላቸውም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ተይዟል። አፋቸው ወደ ታች ተቆልምሟል። እጆቻቸው ለሰውነታቸው ያንሳሉ። ዓይኖቻቸው ግን አያንሱም። አንዱ ወደ አፍንጫው ሰብስቧቸዋል፤ አንዱ ግራ ዓይኑን ወደ አንድ ቦታ፣ ቀኙን ወደ ሌላ ልኳል።

እንግዳዋ ያስረዳችኝን ያህል፣ እነዚህ ካቡኪ የሚባል የድሮ ቴአትር ተዋንያን ናቸው። አንዱ ሠዓሊ ይስላል፣ ሌላው እንጨት ላይ ይቀርጸዋል፣ ሌላው ቀለም እየቀባ ወረቀት ላይ ያትመዋል። የከተማው ሰው ዛሬ የዘፋኝ ፖስተር እንደሚገዛ ያን ጊዜ ይገዛቸው ነበር። ዓይናቸው ለምን እንደዚያ ሆነ አልኳት። ታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተዋናዩ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ዓይኑን እንደዚህ ያደርጋል አለችና ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን መሬት ላይ ጠፍ አድርጋ፣ ዓይኗን አፍንጫዋ ላይ ሰበሰበች። ኮፒ ሊያስነሣ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን።

አንዱ ወረቀት ላይ ሴት አለች። ፀጉሯ በማበጠሪያ የተያዘ፣ አንገቷ ረጅም። እንግዳዋ እሷን በጣቷ ነካችና «ወንድ» አለችኝ። አልገባኝም። በዚያ ቴአትር ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው አለች። ተመልካቹ ያውቃል ወይ? ሁሉም ያውቃል። አውቀውም ያለቅሳሉ? አውቀውም ያለቅሳሉ። ሄደች። እኔ ግን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያለቅሳል የሚለው ነገር ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ወረቀቱን እያየሁ ከሴትዮዋ ሥር ወንዱን እፈልግ ነበር። አንዳንድ ቀን መንጋጭላው ላይ አገኘዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን የለም።

አባቴ ወረቀቶቹን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ አፍንጫቸው እስኪነካ ድረስ አዩአቸው። መስመሩን ወደዱት። መስመሩ የእኛ ነው አሉ፣ ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ ነው የሳለው። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«እና የማን ሥዕል ነው?»

የተዋናዩ አልኩ። የተዋናዩ ከሆነ ለምን በራሱ ፊት አልሳለውም? ሆኖ የሚጫወተው ሰው ነዋ፣ የታሪኩ ሰው አልኩ። የታሪኩ ሰው ከሆነ ክፉ ነው ደግ? አላውቅም። ጫፉ ላይ የተጻፈው ምን ይላል? ስም ይመስለኛል። የማን ስም? የሠዓሊው ይሁን የተዋናዩ አላውቅም። እንጨቱን የቀረጸውስ የት ተጻፈ? ያተመውስ? እንግዳዋ የሠዓሊው ስም ብቻ ነው የሚቀረው ብላኝ ነበር፤ እሱን ነገርኳቸው። አባቴ ወረቀቱን መለሱልኝና የእኛ ሥዕል ላይ ማን ማን እንደሆነ ይጻፋል፣ የሚያሳስት ነገር የለውም አሉ።

ስልኬ ላይ ልፈልግ ፈለግሁ። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ሲመለስ ጥቂት ነገር አነበብኩ፤ ሥዕሎቹ ግን አልከፈት አሉኝ፤ ግራጫ ሳጥን ብቻ። ስለዚህ ያሉኝ እነዚያ አሥራ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ እንደ ቀን መቁጠሪያ ሰቀልኳቸው፤ የእነሱ ወር በእኛ ወር መካከል ስለሚገባ ግን መቼ እንደምገልጣቸው ሳላውቅ ዓመቱ አለቀ። ከዚያ ገነጣጥዬ በበሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በተርታ ለጠፍኳቸው። ስለ እያንዳንዳቸው ግጥም ልጽፍ ሞከርኩ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ሳነብላቸው ቅኔ አይደለም ይላሉ፤ ግን አቁሚ ብለውኝ አያውቁም። አሥራ ሁለቱም ግጥሞች አልሆኑልኝም። የሆነ ነገር ሊሆን ያለ ፊት እንዴት በቃል እንደሚያዝ አላወቅሁበትም።

በዚህ መሀል ነው ሥራው የመጣው። ከዛሪማ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለ አንድ የገጠር ደብር። አንዲት ባልቴት ለሰማዕቱ ተስለው ስለታቸው ሰምሮላቸዋል፤ ስለቱ ሥዕል ነው። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ሥራውን ሊነግሩ ራሳቸው መጡ። አባቴን ከድሮ ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ የመቅደሱን የምሥራቅ ግድግዳ አባቴ ናቸው የሳሉት። ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። በሩን አልፈው ገና ሰላም ሳይሉ በግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች አዩና ቆሙ። በከንፈራቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ቄሰ ገበዙ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«የየት አገር ሐዋርያት ናቸው?» አሉኝ።

ተዋንያን ናቸው አልኩ። የጃፓን ቴአትር ተዋንያን። ደግመው ሊያማትቡ ግንባራቸው ላይ ያደረሱት እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ምነው ልጄ፣ ሳልሰግድ አትነግሪኝም?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። አባቴም ሳቁ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ያ ነገር ከነከነኝ። ሰውየው የተሳሳቱት ስላላወቁ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ሥዕል የማንበቢያ ሕግ አንድም ሳያጎድሉ ስለተከተሉ ነው።

ሸራውን ሁለት ወር ሠራነው። ሰማዕቱን፣ ፈረሱን፣ መላእክቱን፣ ከታች ተደፍተው የሚታዩትን ባልቴት አባቴ ለክተውልኝ ሠራሁ። ንጉሡ ጋ ስንደርስ እሱ ቀላል ነው፣ በጎን፣ አንድ ዓይን፣ አክሊሉ ሦስት ጣት አሉኝና ወደ ማኅበር ሄዱ። ብቻዬን ነበርኩ። በጎን ጀመርኩት። አፍንጫው ወጣ፣ ጢሙ ወጣ። ግን ምንም አያደርግም፤ ክፉ መሆኑ አስቀድሞ ያለቀለት ሰው ነበር። ዘወር ስል ከግድግዳው ላይ ያ ዓይኑን አፍንጫው ላይ የሰበሰበው ሰው ያየኛል። ብሩሹን አነሣሁ። የንጉሡን ፊት ትንሽ ወደ እኛ መለስኩት፣ ማዶውን ጉንጭ ጨመርኩለት፣ በዳሩ ሁለተኛውን ዓይን አስቀመጥኩና ሁለቱንም ወደ አፍንጫው ሰበሰብኳቸው። ያን ቀን ያልሆነልኝ ግጥም ሁሉ የሆነልኝ መሰለኝ። ለአባቴ አለቀ ብቻ አልኳቸው። ዋሽቼ አልነበረም፤ አልቋል።

ዛሬ ጠዋት ቄሰ ገበዙ ባልቴቷን ይዘው መጡ። ሸራውን ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅለን ነበር። ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡ። ሰማዕቱን አልተሳለሙም። ፈረሱን አለፉ፣ መላእክቱን አለፉ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደው፣ በእግራቸው ጣት ቆመው፣ ግንባራቸውን ንጉሡ ላይ አስደግፈው ሳሙት። ሳሙትና እዚያው ቆዩ።

«ይኼ ነው ያዘነልኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ቄሰ ገበዙ የንጉሡን ዓይኖች በከንፈራቸው ቆጠሩ። አባቴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ፈገግ እንዳሉ ነበሩ፤ ስእለተኛዋ ሰማዕቱን የሳሙ መስሏቸዋል። እኔ ንጉሡን አየሁት። ያ ሊፈርድ ነው ብዬ የሰበሰብኩት ዓይን ከባልቴቷ ማዶ ሲታይ እንባ ሊያወርድ የተቃረበ ይመስላል። ይህን አልሳልኩም። ወይም ስያለሁ፤ አላወቅሁም።

«መሪጌታ» አሉ ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው ይኼን ሁለት ዓይን ሰጡት?»

«የቱን?» አሉ አባቴ።

የቱን ባይሉ ኖሮ። ቄሰ ገበዙ ወደ ሸራው አላመለከቱም፤ አባቴን ብቻ ትኩር ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጣቶቼን። ጥፍሬ ሥር ቢጫ ቀለም ነበር። ሀገረ ስብከት ጉዳይ አለኝ፣ ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ፣ እስከዚያው ይታይ አሉና ባልቴቷን ይዘው ወጡ። ነገሩን ለአባቴ የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። «ስንት ዓይን ነው ያለው?» የሚለው የጀመረውም ያኔ ነው።

«ተዋናይ ነው እኮ» አሉኝ አባቴ፣ ከግድግዳው የመጣ መሆኑን ስነግራቸው። «ለአላዊ ንጉሥ የአስመሳይ ዓይን አወጣሽለት። ደግ ነው ነው የምትይው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ከፈረደ በኋላ አንድ ዓይን ይኑረው፣ አባዬ። እኔ የሳልኩት ከመፍረዱ በፊት ነው።»

ይህ ራሴ ስናገረው ገና የገባኝ ነገር ነበር። አባቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ተናደው አልነበረም፤ ደክሟቸው ነበር። ሥዕል ላይ በፊት የሚባል ነገር የለም አሉ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው የሚሳለው፤ ሰው እንዳይሳሳት። ባልቴቷ ሳሙት እኮ አልኳቸው። ለዚያ ነው የምልሽ አሉ። ዛሬ አንድ ሰው ሳመው፤ ደብሩ ላይ ሲለጠፍ ሕዝቡ በሙሉ ይስመዋል። ቢስሙት ምን ይሆናሉ፣ ባልቴቷ ግንባራቸውን አስደግፈው ሳሙት፣ ምን ሆኑ አልኳቸው።

ጣታቸው አሁንም ያ ምስር ላይ ነበር።

«የሚስሙት እኔን አምነው ነው» አሉ። «እነሱ አያነቡም። አንብቤ የምነግራቸው እኔ ነኝ። አሁን እኔም አላነብም፤ የማምነው አንቺን ነው።»

ይህን ካሉኝ በኋላ አላጠፋም ማለት አልቻልኩም። አጠፋለሁም አላልኩም። የሥዕሉን የጀርባ ቢጫ ቀለም በጣሳ በጥበጥኩ። ከአፍንጫው ማዶ ያለውን ሁሉ በዚያ ከሸፈኑት ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፤ አንድ ዓይን ይቀራል። ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ። በሩ ሲንኳኳ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ።

ቄሰ ገበዙና ባልቴቷ ገቡ። ቄሰ ገበዙ ሸራውን አዩ፣ ቢጫውን አዩ። አባቴ ሳይጠየቁ ጀመሩ። ሥዕሉ የኔ ነው፣ ንጉሡ ላይ እጄ ስቷል፣ ሽምግልና ነው፣ አሁን አስተካክለዋለሁ አሉ። ቄሰ ገበዙ ወደ ሸራው አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«እንግዲያስ ያስተካክሉት፣ መሪጌታ። እዚሁ ቆሜ ልይ።»

ሊፈትኗቸው ይሁን ሊያድኗቸው አላወቅሁም። ድምፃቸው ላይ ቀልድ አልነበረም፤ ክፋትም አልነበረም። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ብሩሹን ቀለም አስነክቼ ሰጠኋቸው። ተነሡ፣ ሦስት እርምጃ ሄዱ፣ ግራ እጃቸውን አንሥተው ሸራውን ነኩ። ያረፉበት ቦታ ንጉሡ አልነበረም። ከንጉሡ አንድ ስንዝር በግራ ሰማዕቱ አለ፤ እሱም ነጩ ወፍሮ የተቀባ ዓይን አለው። ጣታቸው የሰማዕቱን ዓይን አገኘ፣ እሱ ነው ብሎ አመነ፣ ብሩሹም ተከተለ።

እንደማያዩ የሚያውቅብን እንዳይኖር ስንት ዓመት ሙሉ ተጠንቅቄያለሁ። አሁን ዝም ብል ሰማዕቱ ይጠፋል፤ ብናገር አባቴ ይጠፋሉ። አልተናገርኩም። ከኋላቸው ሄጄ እጄን በእጃቸው ላይ አድርጌ ብሩሹን ይዤ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። እጃቸው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ተገታ፣ ከዚያ ላላ። በሁለት እጅ በአንድ ብሩሽ የንጉሡን ማዶ ጉንጭ፣ ከዚያም ዓይኑን ሸፈንን። ቢጫው ነጩ ላይ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነበረበት። የኔ ዓይን ነበር፤ በኔ እጅ ጠፋ። ብሩሹን የያዙት ግን እሳቸው ናቸው።

ስንጨርስ ዘወር ብዬ ቄሰ ገበዙን አየሁ። ሁሉንም አይተዋል። ሁለት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ነበሩ፤ እጄ በአባቴ እጅ ላይ እንዳለ ነበር።

«ሸጋ ነው» አሉ። «እጅዎ እንደ ድሮው ነው፣ መሪጌታ።»

ከቄሰ ገበዙ ኋላ አሥራ ሁለቱ ፊቶች በተርታ ነበሩ፤ ማበጠሪያ ያደረገችው ሴት በራሳቸው ትይዩ። ልስቅ ይሁን ላለቅስ ሳላውቅ ቆሜ ቀረሁ። ሲደርቅ ነገ እንወስደዋለን አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ስለ መኪና፣ ስለ መንገድ፣ ሸራውን በምን እንደሚጠቀልሉት ማውራት ጀመሩ፤ ሰው ዝምታ ሲፈራ እንደሚያወራው።

ባልቴቷ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደው ነበር። ሊስሙት በእግራቸው ጣት ቆሙ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። አልሳሙትም። ቀና ብለው ፈለጉት፣ ወደ ግራ ዘንበል አሉ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ፣ ሰው በር ላይ የቆመ ሰው ሊያይ እንደሚያደርገው።

«ምነው ፊቱን አዞረብኝ?» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ንግግራቸውን አቋረጡ። ባልቴቷ ምን አጠፋሁ እንደሚል ሰው ወደ አባቴ ዞሩ፤ አባቴ እንደማያዩአቸው አያውቁም።

አባቴ ብሩሹን ወደኔ ዘረጉ፤ ተቀበልኩ። በትራቸውን አልፈለጉም። በግድግዳው በኩል፣ ጣታቸውን በወረቀቶቹ ላይ እያስኬዱ፣ አንዱን ፊት ከሌላው ፊት እያለፉ ወደ በሩ ሄዱ። ወረቀት ነው፤ በጣት የሚታወቅ ዓይን የለውም። ክንዳቸውን ልይዝ ተጠጋሁ። እጄን ከክንዳቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱት።

ክረምቱ ያሳበጠውን በር በሁለት እጅ ስበው ከፈቱ፣ ወጡ፣ ከውጭ ሳቡት። አንድ ጊዜ ያዘ። ደግመው ሲስቡት ተዘጋ።